እሳት እምቢ አለን፣ ወንጪ ነን፣ አራት ክብሪት ቀርቶናል

ቢኒ መንገደኛ፣ ምሽት 12:25
ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ። ወንጪ ነን፣ እሳት እምቢ ብሎናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞከርን፣ ጭስ ብቻ ነው፣ ዓይናችን ሊጠፋ ነው። አንድ ቀፎ ክብሪት ጨርሰን አራት ፍሬ ቀርታለች። ላይተሩ ረጥቧል። አንዱ ልጅ በሞተር ስለመጣ ከታንከሩ ቤንዚን ቀድተን ልናርከፈክፍበት ነው፣ ስንት ይበቃል? ስልኬ 19 ፐርሰንት ነው። ብርዱ አይጣል ነው።

የጉለሌ ልጅ፣ 12:27
መስቀል ገና ሳምንት አልሞላውም፣ አንድ ችቦ ይዛችሁ ብትሄዱ ምን ነበረበት 😂

ማርታ ከሳሪስ፣ 12:28
ቤንዚኑን እንዳትነኩ! የሚቀጣጠለው ተኑ ነው። ተኑ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄድና ክብሪት የጫረው ሰው እግር ስር ይጠብቀዋል። አንዴ ቧ ይልና ቅንድብህን ይዞት ይሄዳል፣ እንጨቱ ግን እንደረጠበ ይቀራል። ለመሆኑ እንጨቱ ምንድን ነው?

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:30
እንጨት ነዋ። ባሕር ዛፍ መሰለኝ። መንገድ ላይ ገዝተን ነው የመጣነው፣ የሸጠልን ልጅ ደረቅ ነው ብሎናል።

ሳሚ ቲዩብ፣ 12:31
ሳኒታይዘር አርጉበት።

ጋሽ ወልዴ፣ 12:36
ልጄ፣ የዛሬ ልጆች እሳት ከግድግዳ ቆጣሪ የሚወጣ ይመስላችኋል። እኔ ከብት ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ነኝ፣ በክረምት ዝናብ እየወረደብን እሸት ጠብሰን የምንበላ ነበርን። ሻጩን ምን አምነህ ተቀበልከው? ፍልጡን አንሳና ቅርፊቱን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። ከስር አረንጓዴ ሆኖ እርጥበቱ ጣትህን ከነካው ትናንት የተቆረጠ ነው። ሁለተኛ፣ እሳቱ ላይ ስታደርገው ጫፉን ተመልከት። አረፋ እየደፈቀ ቺስ የሚል ከሆነ እሳትህ ውሃ እያፈላልህ ነው እንጂ እንጨት እየበላ አይደለም። ነጭ ጭስ ያልከውም ይኸው እንፋሎት ነው። ክብሪት ብትጭርበት አንድ ኩንታል አይጠቅምህም። ሦስተኛ፣ እሳት ከቀጭን ጀምሮ ነው የሚያድገው። እናንተ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ክንድ የሚያክለውን ፍልጥ ደርድራችሁ ከስሩ ሶፍት እያነደዳችሁ ነው።

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:38
ጋሼ እዚህ ተደብቀው እያዩን ነው እንዴ? ሶፍት ነው። አረፋም ይደፍቃል። ነጭ ጭስ ግን አላልኩም።

ጋሽ ወልዴ፣ 12:39
አላልክም። ነጭ ነው ግን።

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:39
ነጭ ነው 😔

ዝምታ ወርቅ፣ 12:41
እኔ ያልገባኝ እሳቱ ራሱ ለምን አስፈለገ? ጃኬት ልበሱ፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ግቡ፣ ተኙ። በየተራራው እሳት ማንደድ ፋሽን ሆኗል። ሚያዝያ 2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ረስታችሁታል? ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነው የረዱት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄው መስተካከል አለበት።

የጉለሌ ልጅ፣ 12:42
እንጨት አልነድ ብሎት ለሚያለቅስ ሰው ስለ ሰደድ እሳት ታወራለህ? ይሄ ልጅ ሰደዱ ቢመጣለት እልል ይላል።

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:44
ሜዳ ላይ ነን፣ ባለቦታውንም አስፈቅደናል። ለብርዱ ብቻ አይደለም፣ የፍየል ስጋ ይዘናል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላንም።

ዝምታ ወርቅ፣ 12:45
ጥሬውን ብሉት።

የጉለሌ ልጅ፣ 12:45
የበሬ ቢሆን ኖሮ ይሄ ጥያቄ መች ይጠየቅ ነበር?

የተራራ ሰው፣ 12:49
ሰዎችን እዚያ አካባቢ አስጎበኛለሁ። እነሱን ተዋቸውና ይሄን አድርጉ። መሬት ላይ የወደቀ እንጨት አታንሱ፣ ዝናቡን ሁሉ ጠጥቶታል። የሞተ ቅርንጫፍ ሆኖ ዛፉ ላይ እንደተንጠለጠለ የቀረ ፈልጉ። ስትሰብረው ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፣ ከተጣጠፈ ተወው። ጭራሮው የክብሪት እንጨት ከሚያክለው ጀምሮ እስከ ጣት ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት እቅፍ። ትልልቅ ነጭ ባሕር ዛፎች ካሉ ግንዱ ላይ እንደ ጨርቅ የሚንጠለጠል የራሱ ልጣጭ አለ። የውስጠኛው ንብርብር ዝናብ አይነካውም፣ እሱን በእጃችሁ እያሻችሁ አበጥሩት። ጽድ ካገኛችሁማ የሞተው ቅርፊት እንደ ቃጫ ይተለተላል፣ ከሶፍት በብዙ ይበልጣል። ፍልጡን ደግሞ እንደገና ፍለጡት። ዝናብ ያረጠበው ብቻ ከሆነ ልቡ ደረቅ ነው። አዲስ የተቆረጠ ከሆነ ግን እሳቱ ዳር ዳሩን አስቀምጡት፣ ሲደርቅ ትጨምሩታላችሁ። መጥረቢያ አላችሁ?

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:51
የሽንኩርት ቢላ አለ።

የተራራ ሰው፣ 12:51
እግዚኦ።

ሳሚ ቲዩብ፣ 12:52
ሳኒታይዘሩን ሞከራችሁ?

ማርታ ከሳሪስ፣ 12:53
ሳሚ፣ ሳኒታይዘር ይነዳል፣ ግን ነበልባሉ በብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ እጁ ላይ የቀረው ሳያውቀው ይያያዛል። እርጥብ ፍልጥ ላይ ብታፈስበት ደግሞ አልኮሉ ነዶ ሲያልቅ እንጨቱ እዚያው ነው። ቢኒ፣ ዋናው ነገር አራቷን ክብሪት ማዳን ነው። ክብሪት የሚነደው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት ግን ለደቂቃዎች የሚቆይ ነበልባል ነው። ሻማ ወይም ጧፍ የለም? ጥጥና ቫዝሊንስ? ጥጡን ቫዝሊን በደንብ አጠጥተህ ብትለኩሰው ደቂቃዎች ይቆያል።

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:55
ቫዝሊን የለም። ሻማ የልደት ብቻ ነው ያለው።

ማርታ ከሳሪስ፣ 12:55
የምን የልደት?

ቢኒ መንገደኛ፣ 12:56
የሄርሜላ ልደት ነዋ፣ ለሱ አይደል የመጣነው። ኬክም አለ። 24 ሻማ።

ማርታ ከሳሪስ፣ 12:58
ሃያ አራት ሻማ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ቤንዚን ልትቀዳ ነበር?!! ስማኝ። ስድስቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ እሰር። መሬቱ እርጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ፍልጦችን ጎን ለጎን አስተኛና እንደ አልጋ አድርጋቸው። መሃል ላይ ሻማውን አቁም፣ ከላዩ የተበጠረውን ልጣጭና ቀጫጭኑን ጭራሮ እንደ ጎጆ አድርገህ ስራ፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል በር ተውለት። አትጠቅጥቀው። በኬኩ ካርቶን ንፋስ ከልልና በአንድ ክብሪት ሻማውን ለኩስ። ጭራሮው እየተቀጣጠለ ሲንጣጣ ነው የሚወፍረውን የምትጨምረው እንጂ ነበልባል ባየህ ቁጥር አትደራርብበት። ብዙ እሳት የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ናቲ፣ ምሽት 1:01
ፌስታል ቢጨምሩበትስ? ፌስታል ቶሎ ይያዛል።

ጋሽ ወልዴ፣ 1:02
ስጋ ሊጠብሱበት በፌስታል? ናቲ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?

ቡና አፍቃሪዋ፣ 1:04
ይቅርታ አሁን ነው ያየሁት። ቢኒ፣ ባለቦታውን አስፈቅደናል ብለሃል። ሰውዬው ቤቱ የት ነው?

ቢኒ መንገደኛ፣ 1:05
እዚሁ፣ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ከጣሪያው ጭስ ይታየናል። ምነው?

ቡና አፍቃሪዋ፣ 1:05
ጭስ ይታያችኋል።

ቡና አፍቃሪዋ፣ 1:07
እና እሳት አትጭሩም እንዴ? እናቴ ክብሪት ላይ ብር አታወጣም ነበር። ጠዋት ጎረቤት ሄጄ በገል ፍም ጭሬ እመጣለሁ፣ አለቀ። ጣሳ ፈልጉ፣ ከስሩ አመድ፣ ፍሙን በላዩ፣ እንደገና አመድ ለበስ አድርጉት። 200 ሜትር አይደለም፣ ሌላ መንደር ያደርሳችኋል። ጣሳው ስለሚግል በሽቦ ወይም በወፍራም ጨርቅ ያዙት። ስትደርሱ ልጣጩን ፍሙ ላይ አድርጋችሁ ከስር በኩል ቀስ ብላችሁ እፍ በሉ። በዚያው ደረቅ ጭራሮም ይሸጡላችኋል፣ ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠውን ጠይቁ። አማርኛ ካልገባቸው «ኢቢዳ» በሉ፣ እሳት ማለት ነው።

ቢኒ መንገደኛ፣ 1:09
አንቺ ልክ ነሽ ግን ትንሽ ያሳፍራል። ቅድም ክብሪት ይበቃችኋል ወይ ሲለን እኛ ኤክስፐርት ነን ብለነዋል።

የጉለሌ ልጅ፣ 1:09
ሄርሜላን ላኳት፣ ልደቷ ነው።

የተራራ ሰው፣ 1:11
ሁለቱንም አድርጉ፣ ሁለት ሰው ወደ ቤቱ፣ የቀራችሁት ጭራሮ። ሌላ ደግሞ ጉልቻ ብላችሁ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ እንዳታመጡ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲሞቅ ይፈነዳል።

ማርታ ከሳሪስ፣ 1:12
ሲመሽ ሲበርዳችሁም ፍሙን ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡት። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። ይሄን ለሁሉም ንገራቸው።

ቢኒ መንገደኛ፣ 1:20
ሻማው በርቷል። ልጣጩ ያዘ። ሄርሜላና አቤል በወተት ጣሳ ሄደዋል። ስልኬ 4 ነው

ቢኒ መንገደኛ፣ 1:26
ጭራሮው እየተንጣጣ ነው ግን ንፋሱ

ሳሚ ቲዩብ፣ 1:40
ሳኒታይዘር

ቡና አፍቃሪዋ፣ በማግስቱ ጠዋት 3:15
ቢኒ፣ እንዴት አደራችሁ? እሳቱ ያዘ?

ጋሽ ወልዴ፣ በማግስቱ 7:50
ልጄ፣ ድምፅህን አሰማን።

የጉለሌ ልጅ፣ በማግስቱ ምሽት 2:05
ቢያንስ ፍየሉ ምን እንደደረሰ ንገሩን።

ሊሊ፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ሰላም፣ እኛ ቅዳሜ ላንጋኖ ለማደር አስበናል። እዚያ እንጨት ይሸጣል ወይስ ከአዲስ አበባ ጭነን እንሂድ?

ጋሽ ወልዴ፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ይሸጣል። ሳትከፍይ በፊት በጥፍርሽ ፋቂው።