የፖሊሶች ማኅበራችን ለአማራ ክልል ምክር ቤት የሚያቀርበው የፖሊስ አደረጃጀት ሐሳብ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት (ተናጋሪዎች በከተማቸው ወይም በሥራቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ከነመዋቅር ሠንጠረዡ ተያይዟል። አስተያየት እስከ ዓርብ። ፍሬ ነገሩ እንዳለ ነው፤ ከክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን እስከ ወረዳ አንድ የዕዝ ሰንሰለት ይኑር፣ የወረዳ ፖሊስ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ከወረዳ በጀት ወጥቶ በኮሚሽኑ በኩል ይምጣ። ለሕግ ባለሙያው ያዋጣችሁት ገንዘብ የዋለው እዚህ ላይ ስለሆነ ኋላ "አላየሁትም" የሚል አልሰማም።

ደሴ፦ መግቢያው ረዝሟል። ፖሊስ ማደራጀት የክልል ሥልጣን መሆኑን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል፤ ለምክር ቤት አባል ሕገ መንግሥት አናስተምርም። ይልቅ 1994ን አስገቡ። በጀት በጥቅል ወደ ወረዳ ሲወርድ ፖሊሱም አብሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የወረዳ ፖሊስ ኃላፊ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዞን መምሪያ ነው፤ ነዳጅ የሚለምነው ደግሞ ከአስተዳዳሪው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ትራፊክ፦ ሠንጠረዡን ማን ነው የሠራው? ትራፊክ በወንጀል መከላከል ሥር በጥፍር የምታህል ሳጥን ውስጥ ለምን ገባ? ምርመራ የራሱ ሳጥን አለው። ሎጂስቲክስ እንኳን አለው።

ጸሐፊ፦ ሠንጠረዡ አመላካች ነው። ዋናው ጽሑፉ ነው።

ትራፊክ፦ ጽሑፉን ማን ያነባል? ምክር ቤቱ ውስጥ የሚታየው ሥዕሉ ነው። ትራፊክ የሚሠራው በራሱ ደንብ ነው፤ የትራፊክ ደንቡ ላይ ያለውን የቅጣት እርከን የወንጀል መከላከል ኃላፊ ይነግረኝ እስቲ። ዕድሜዬን መንገድ ላይ የጨረስኩት ንዑስ ክፍል ለመባል አይደለም።

ሰቆጣ፦ ከሳጥኑ በፊት አንድ ነገር። ረቂቁ "ዞን" እያለ ሁሉንም አንድ አድርጎታል። ዋግ ኽምራ፣ አዊና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ምዕራብ ጎጃም ወይም ደቡብ ወሎ የላቸውም፤ ዞኑ የክልሉ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ የኛ መምሪያ ኃላፊ ሪፖርቱን ለምክር ቤት ያቀርባል፣ የናንተው ለአስተዳዳሪ ብቻ። አንድ ዕዝ ስትሉ የኛን ምክር ቤት ምን ልታደርጉት ነው?

እንጅባራ፦ ትክክል። ይህ ካልተመለሰ እኔም አልፈርምም።

ደሴ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ እንመለስበታለን። የትራፊኩ ጉዳይ ግን እኔም አይገባኝም። በጣቢያ ደረጃ ትራፊኩም ጥበቃውም በአንድ ተረኛ መኮንን ሥር ነው የሚያድረው። ወረዳ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ "ራሴን የቻልኩ ዘርፍ ነኝ" አይባልም።

ትራፊክ፦ ሁለት ሦስት ሰው የሆነውኮ ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ ነው! መደብ የሚፈቀደው በመዋቅሩ ልክ ነው። ዘርፍ ከሆነ ምክትል ኮሚሽነር ይመራዋል፣ ምክትል ኮሚሽነር ካለው ማኔጅመንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ማኔጅመንት ውስጥ ከተቀመጠ መኪና ሲከፋፈል ድምፅ አለው። ክፍል ከሆነ የተረፈውን ይወስዳል። ይህን የማታውቅ መስለህ አትጻፍ።

ኮምቦልቻ፦ ሠንጠረዡን እኔ በኮምፒውተር አስተካክዬ አመጣለሁ። ልጄ ይሠራዋል። እስከ ረቡዕ ስጡኝ።

ጸሐፊ፦ ይሁን። ተመዝግቧል።

ምርመራ፦ ስለ አንዱ ዋና ነገር እኔ ልጻፍ። የነበርኩበት ወረዳ ላይ ተጠርጣሪ ተይዟል፣ የግድያ ወንጀል ነው። 48 ሰዓቱ እየሞላ ነው። ያለችን አንዲት ፒካፕ ናት፣ እሷን አስተዳዳሪው ለስብሰባ ወስዷታል። ዞን መምሪያ ደወልኩ፤ "በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት አቅርቡ" የሚል ትእዛዝ ሰጠኝ። ትእዛዙ ትክክል ነው፣ ግን በምን? ተጠርጣሪውን በሕዝብ ማመላለሻ፣ በካቴና፣ ከሁለት ኮንስታብል ጋር ወሰድነው። ትኬቱን ከኪሳችን። የሟች ወንድም እዚያው መኪና ውስጥ ቢሳፈር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ይህ ነገር ረቂቁ ውስጥ የትም የለም።

ደብረ ብርሃን፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 3 ላይ የጉዞ ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም እኮ።

ምርመራ፦ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም፤ መኪና የመለመኛ ጊዜ ግን ይቆጠራል። ዳኛው የሚጠይቀኝም እሱን ነው።

ደብረ ብርሃን፦ እሺ፣ ገብቶኛል። እኔ ግን በጀቱ ወደ ባሕር ዳር ይሂድ የሚለው ያሰጋኛል። እኛ ወደ ኮሚሽኑ ስንሄድ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባን አቋርጠን ነው። ዛሬ ጎማ ሲያልቅ ወረዳው ፋይናንስ ላይ ተከራክሬ አገኛለሁ። ነገ የጎማ መጠየቂያ በደብዳቤ ባሕር ዳር ልኬ ልጠብቅ? ቢያንስ በጀቱ ዞን መምሪያ ይቀመጥ።

ሰቆጣ፦ ዞን ይቀመጥ ካላችሁ ተመልሳችሁ ወደኔ ጥያቄ መጣችሁ። የማን ዞን? ምክር ቤት ያለው ወይስ የሌለው?

ትራፊክ፦ ሠንጠረዡ የት ደረሰ? ረቡዕ አለፈ።

ጸሐፊ፦ ኮምቦልቻ?

ደሴ፦ ኮምቦልቻ ጠፍቷል። ስልክም አያነሳ። ለአንድ ሳጥን ብለን ስንት ቀን ልንሄድ ነው? ወንድሜ፣ አንተ የፈለግከው የፖሊስ ሪፎርም ሳይሆን የራስህን ሐውልት ነው።

ትራፊክ፦ አፍህን ሰብስብ። መንገድ ላይ የሞተውን ሰው ከአስፋልት ላይ ስታነሳ አላየሁህም። አንተ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ስትመታ ነው የኖርከው።

ደሴ፦ ማኅተም? ስንት ዓመት ጣቢያ አዛዥ እንደነበርኩ ወሎ ውስጥ ጠይቅ!

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦ ሁለታችሁም ተዉ። እኔ በደርግ ጊዜ ፖሊስ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ሆኖ፣ ሻምበልና ሻለቃ እየተባልን ስንሠራ አንድ ዕዝ ነበረን፤ ከአዲስ አበባ አንድ ትእዛዝ ሲወጣ እስከ ወረዳ ይደርሳል። ግን ያ ዕዝ ሕዝብ ላይ ምን እንዳደረገም አውቃለሁ። አንድ ዕዝ ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው አብሮ ይጻፍ። ደሴ፣ ትራፊክ ሳጥን ይሰጠው። ምን ይጎድልብናል?

ደሴ፦ ጋሼ እርስዎ ካሉ አልከራከርም።

ትራፊክ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ። ደሴ፣ ቃል በዛብኝ፤ በልብህ አትያዘው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ለትራፊክ አንድ ራሱን የቻለ አንቀጽ እንስጠውና ይለቅ። የሕግ ባለሙያው በገጽ ነው የሚያስከፍለን፣ አሳጥራችሁ ጻፉ።

ትራፊክ፦ ጽፌዋለሁ፦ "የትራፊክ ደኅንነት ዘርፍ በምክትል ኮሚሽነር ይመራ። ከትራፊክ ቅጣት የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ ፋይናንስ ገብቶ ከሚቀር፣ ከፊሉ ለፖሊስ ነዳጅና ለተሽከርካሪ ጥገና ተመልሶ ይመደብ።"

ደብረ ብርሃን፦ ይቺ ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ነዳጅ ካለኝ ከአስተዳዳሪው ጋር ምን ያጣላኛል?

እንጅባራ፦ እደግፋለሁ። ወደ ፊት ትምጣ።

ምርመራ፦ አልደግፍም። ነዳጁን የሚያገኘው በቅጣቱ ልክ ከሆነ ተቆጣጣሪው ለደኅንነት ሳይሆን ለነዳጅ ነው የሚቀጣው። ሹፌሩም ያውቀዋል። ሕዝብ የሚያየን በዚያ ነው።

ትራፊክ፦ እህቴ፣ መቶኛውን ምክር ቤቱ ይወስነው። እኔ አልጻፍኩም።

ምርመራ፦ መቶኛው አይደለም ጉዳዬ።

ደሴ፦ ሌላም የተረሳ አለ። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ ይግቡ ሲባል ወደኛ የመጡትን የት አስገባናቸው? በሻምበልና በሻለቃ ተደራጅቶ የኖረ ሰው ጣቢያ ውስጥ ቃል ተቀብሎ መዝገብ ሲከፍት ማን አሠለጠነው? አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ደግሞ ኮማንድ ፖስት ይመጣል፤ 2009 እና 2010 ላይ ወረዳ ውስጥ የነበርን እናውቀዋለን፣ ሦስተኛ አዛዥ ነው። ሚሊሻውም በጸጥታ ጽሕፈት ቤት በኩል ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል። በአንዲት ቀበሌ ሌሊት ተኩስ ቢሰማ ማን ማንን ያዛል? ረቂቃችን መመለስ ያለበት ይህን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ሁሉ ከገባ ክፍያው እጥፍ ይሆናል። ካዝናው ውስጥ ያለው ለኅትመት ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን፦ የነዳጁ ይቅደም፣ የቀረው በሌላ ጊዜ ይቅረብ። ምክር ቤት ሁሉን ነገር አንድ ላይ ከጠየቅከው አንዱንም አይሰጥህም።

ጸሐፊ፦ አራተኛውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ርእሱ "የክልሉን ፖሊስ የተሽከርካሪና የነዳጅ አቅርቦት ስለማጠናከር" ሆኗል፤ ብዙዎቻችሁ የደገፋችሁት እሱን ነውና። አንድ የዕዝ ሰንሰለት የሚለው ገጽ 4 ላይ ነው። የጋሼ የተጠሪነት ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገብቷል። የብሔረሰብ አስተዳደሮቹ ጉዳይ "በቀጣይ የሚታይ" ተብሏል። ይህን ማኅበር ያቋቋምነው ገጽ 4 ላይ ላለው ነገር እንደነበር ግን አልረሳሁም።

ሰቆጣ፦ "በቀጣይ የሚታይ" የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም።

እንጅባራ፦ እኔ እፈርማለሁ። ነዳጁ ለኛም ይደርሳል።

ምርመራ፦ የ48 ሰዓቱ ታሪክ የት ገባ?

ጸሐፊ፦ አልገባም፤ ገጽ አልበቃም።

ምርመራ፦ እንግዲያው ስሜን አውጡልኝ። ስለ ነዳጅ ለመጻፍ አይደለም ያዋጣሁት። ገጹ የሚበቃው ለማን ሳጥን እንደሆነ አይተናል። የራሴን ደብዳቤ ለሕግና ፍትሕ ቋሚ ኮሚቴው በግሌ እጽፋለሁ፤ ምርመራ የሠራችሁ አብራችሁኝ መፈረም ከፈለጋችሁ ስልኬን ታውቁታላችሁ።

ደሴ፦ እኔ እፈርማለሁ። ሁለቱንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለተኛው ደብዳቤ ከማኅበሩ ገንዘብ አይታተምም። ይህ ይመዝገብ።

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦ የእሷን ኅትመት እኔ እከፍላለሁ። ረቂቁን ዛሬ ማታ ላኪልኝ፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን በትክክል አስገቢበት።