ሣር ላይ ፀረ አረም እንዴት ይሞከራል?

ጠያቂ፦ ግቢው ሰርዶ ነው፤ ማገጥና ጎርጠብ ወርሶታል። ቱ ፎር ዲ የተባለውን የሰፊ ቅጠል አረም መድኃኒት (720 ግራም በሊትር) ሙሉውን ከመርጨቴ በፊት ጥግ ላይ ልሞክረው። መጠኑን እንዴት ልከፋፍል?

አረም_ነቃይ፦ 2 በ5 ሜትር መደቦችን በካስማና በሲባጎ ለይ። በሄክታር 1.5 ሊትር ለ10 ካሬ ሜትር 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሲሪንጅ ለካው፣ በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው። የጠርሙሱ መመሪያ ሌላ መጠን ካለ ግን እሱን ያዝ። ግማሹን፣ ሙሉውን፣ እጥፉን ሞክር፤ እጥፉ የሚጠቅመው ሣሩ ራሱ ይጎዳ እንደሆነ ለማየት ነው። ለማነጻጸሪያ ያልተረጨ መደብ ከሌለህ ግን ሙከራ አይባልም። እያንዳንዱን 3 ጊዜ ድገም፤ ቦታውን በዕጣ አውጣ።

ፓምፕ፦ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልተህ መደቡ ላይ እየሄድክ ርጭ። 400 ሚሊ ሊትሩ ግማሽ መንገድ ላይ ካለቀ እርምጃህን አፍጥን ወይም አፍንጫውን ቀይር። ፓምፑ ቀደም ብሎ ሣርንም የሚገድለውን ራውንድአፕ ከያዘ በደንብ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ሣሩ ቢጫ ሲሆን ቱ ፎር ዲን ታማዋለህ!

አረም_ነቃይ፦ ልክ ነው። ነፋስ ካለም አትርጭ፣ ጽጌረዳና ቲማቲም ወዲያው ይጠማዘዛሉ። ከመርጨትህ በፊትም በኋላም 3 ቀን ሣሩን አትጨድ።

ጠያቂ፦ ውጤቱንስ መቼ ልይ?

ፓምፕ፦ በሳምንቱ ግንዱ ቢጠማዘዝ አትቸኩል፣ ጎርጠብ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ጥለህ የቀረውን ቁጠር። ማገጡ ካልሞተ አይግረምህ፤ ለሱ ሜኮፕሮፕ ወይም ዲካምባ የተባሉ ፀረ አረሞች የተቀላቀሉበት ይሻላል። እንግጫን ከቁጥሩ አውጣ፤ ሰፊ ቅጠል አይደለም።