የሴሊካዬ የዘይት መለኪያ ዘንግ ተሰብሮ ቱቦው ውስጥ ቀረ፤ ሞተሩን ላስነሳ ወይስ ልተወው?

ባለ ሴሊካ፣ አዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ፣ ሰባተኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ከተመረቱት አንዷ ስትሆን፣ ሞተሯ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.8 ሊትሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ከመውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቷን ለማየት ዲፕስቲኩን ስስብ፣ የፕላስቲክ መያዣው እንደ ድርቆሽ ተሰባብሮ እጄ ላይ ቀረ፤ ብረቱ ግን ቱቦው ውስጥ ነው። ከሰፈር ጋራዥ የጠራሁት ልጅ ጫፉን በፒንሳ ሊይዝ ሲሞክር ይባስ ብሎ ወደ ታች ገፋውና አሁን በባትሪ ብርሃን ካልሆነ አይታይም። ልጁ «ቱቦውን በጨርቅ ወትፈህ ንዳት፣ ዘይት ከጎደለ መብራቱ ይነግርሃል» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ መኪናዋን ለመግዛት ስድስት ዓመት ስላጠራቀምሁ ቁልፉን ከማዞሬ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብያለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ፦

ሞተሩን አለማስነሳትዎ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ዘንጉን በልኩ የሚያቆመው መያዣው ነበር፤ መያዣው ከሌለ ብረቱ ተንሸራትቶ የዘይት ቋቱ ወለል ላይ ሊያርፍ፣ ከዚያም ጎብጦ የሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍት ወደሚያልፍበት ሊጠጋ ይችላል። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚዞር ብረት ቀጭን ላሜራ ቢመታ ምን እንደሚሆን አላብራራልዎትም። ዘንጉ የዘይት ፓምፑ አፍ ላይ ያለውን ወንፊት አልፎ አይገባም፤ የፕላስቲኩ ስብርባሪ ግን ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ የዘይቱን መንገድ ሊያጠብ ስለሚችል፣ በእጅዎ የቀሩትን ቁርጥራጮች በሙሉ ነጭ ጨርቅ ላይ አሰልፈው መያዣውን መልሰው ለመግጠም ይሞክሩ። የጎደለ ካለ የት እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው።

ስለ መብራቱ የተነገረዎት ነገር ብዙ ሞተር ያቃጠለ አነጋገር ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልችልም። ያ ቀይ መብራት የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይለካም። ግፊቱ ወርዶ መብራቱ ሲበራ ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሯል፣ የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚናም (የሚዞርበት ማቀፊያም) ያለ ዘይት መፈጋት ጀምሯል። በተለይ የእርስዎ ሞተር፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ከሆነ፣ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው፤ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ስለዚህ ከሌላ መኪና ይልቅ ለዚህች መኪና ዲፕስቲክ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ሥራው። ዘንጉን ከላይ በፒንሳ ማሳደድዎን ያቁሙ፤ በኮምፕሬሰርም አያስነፉበት፣ ወደ ታች ነው የሚነዳው። ይልቁንስ ቱቦውን ራሱን ያውጡት። ቱቦው በአንድ ብሎን ተይዞ፣ ከታች በኦሪንግ (በጎማ ቀለበት) ታሽጎ ወደ ሞተሩ የሚገባ ነው። ከመንቀልዎ በፊት ግን የቱቦውን ዙሪያ በብሩሽና በጨርቅ ደህና አድርገው ይጥረጉ፤ የአዳማን አቧራ ለእርስዎ አልነግርዎትም፣ ቱቦው ሲነሳ ሥሩ ላይ የተጋገረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ብሎኑን ፈትተው ቱቦውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ላይ ሲስቡት፣ ብረቱ አብሮ ይመጣል ወይም ከቀዳዳው በላይ ብቅ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ በሹል አፍ ፒንሳ ይዘው ቀጥ አድርገው ያወጡታል።

ሁለቱም ካልሆነ ብረቱ ቋት ውስጥ ወድቋል። ያኔ ዘይቱን በንጹሕ ጨርቅ እያጠለሉ ያፍስሱና በማፍሰሻው ቀዳዳ ረጅም ማግኔት ያስገቡ። ካልያዘ ቋቱ መውረድ አለበት። ሲመልሱት ሁለቱንም ገጾች ፈጽሞ አጽድተው ማሸጊያ ሲሊኮኑን በቀጭን መስመር ይቀቡ፤ ወፍራም ከሆነ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቅና በተራው ወንፊቱን ይደፍናል።

ኮሮላ ነጂ፦

ከላይ የተጻፈውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ተመሳሳይ ሞተር ባላት ኮሮላዬ ቱቦውን በጨርቅ ወትፌ ሁለት ሳምንት ነዳሁ። በሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ጨርቁን መንገድ ላይ ተፋው፣ ዘይቱ ሞተሩ ላይ ተረጨ፣ ሽታው ካቢን ውስጥ ሲገባ ነው የነቃሁት። እሳት አለመነሳቱን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ባለ ሴሊካ፣ አዳማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሰዓት ቱቦውን አወጣሁት፤ ብረቱ አራት ጣት ያህል ብቅ ብሎ ቀረና ያለ ምንም ትግል ወጣ። ፕላስቲኩንም ጨርቅ ላይ ገጣጥሜ ሙሉ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ አዳማ ያገኘሁት የኮሮላ ዲፕስቲክ ብቻ ሲሆን ሻጩ «ሞተሩ አንድ ስለሆነ ይሄዳል» ይላል። ልግዛው?

ጡረተኛው መካኒክ፦

ሞተሩ አንድ መሆኑ ቱቦው እኩል ነው ማለት ስላልሆነ በቃል አይግዙ። አሮጌውን ብረትና የገጣጠሙትን መያዣ ይዘው ይሂዱና ከማቆሚያው (መያዣው ቱቦው አፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ ላይኛው ምልክት ያለውን ርቀት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይለኩ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ዋጋ አለው። ልኩ ቢያጥር ዘይት ያበዛሉ፤ ክራንክ ሻፍቱ የበዛውን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋም አያለሰልስም። ቢረዝም ደግሞ ጎድሎ ሳለ ሙሉ ይመስልዎታል። ካልገጠመ በሻንሲ ቁጥርዎ አዲስ አበባ ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሱማሌ ተራ ያፈላልጉ።

የትኛውንም ቢገዙ ይፈትኑት። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው ፊልትሮ ይቀይሩና ለሞተሩ የተወሰነውን 3.7 ሊትር በትክክል ለክተው ይጨምሩ። ለሁለት ደቂቃ አስነሥተው ያጥፉ፣ ሜዳ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያቆዩና ያንብቡ። ላይኛው ምልክት ላይ ከሆነ ዘንጉ የእርስዎ ነው። የቱቦውንም ኦሪንግ አሮጌውን እንዳይመልሱ።

ባለ ሴሊካ፣ አዳማ፦

የኮሮላው በአሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ተውሁት። ከሱማሌ ተራ ያስመጣሁትን ዛሬ ጠዋት በ3.7 ሊትር ፈተንሁት፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ልክ ላይ ቆመ። ኦሪንጉም አዲስ ነው።