አስቸኳይ፦ ዶሚኖው ተዘጋብን፣ ማን ነው ያሸነፈው?

ሶሊ የኮተቤዋ
ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ስልኬ 14 ፐርሰንት ነው። አራት ሆነን ዶሚኖ ስንጫወት ተዘጋ። አንዱ ጫፍ 3 ነው፣ ሌላው 5። ማንም 3 የለውም፣ ማንም 5 የለውም፣ ሁላችንም ገልጠን አየን። እኔ እጅ ላይ ሦስት ድንጋይ አለ፦ ባዶና 1፣ ባዶና 2፣ ባዶና 4። ሲደመር 7 ነጥብ። ዋርሳዬ ሁለት ነው የያዘው፣ 1 እና 2፣ ባዶና 6። 9 ነጥብ። ባሌና እህቴ 18፣ 18 ይዘዋል፣ እነሱን ተዉአቸው። ዋርሳዬ «ትንሽ ድንጋይ የቀረው ነው የሚያሸንፈው» ይላል፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ነጥብ ያለው ነው እላለሁ። ከሁለታችን የተሸነፈው የዛሬን ዕቃ ሁሉ ያጥባል፣ ዶሮ የተሠራበትን ድስት ጨምሮ። እና ደግሞ ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ደብቋል ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

ማሙሽ 22
በነጥብ ነው። ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። አለቀ። ድስቱን ይጠብ።

ኩባ ያደግኩ
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትጫወቱትን ጨዋታ ለይታችሁ እወቁ። ዶሚኖ አንድ ጨዋታ አይደለም፣ ልክ ካርታ አንድ ጨዋታ እንዳልሆነ ሁሉ። እኛ በ1970ዎቹ ኩባ፣ ወጣቶች ደሴት ስንማር ያየነው ሌላ ነው። ሀቫና በኩል ድንጋዩ እስከ ደብል 9፣ ማለትም ሁለቱም ጎኑ 9 እስከሆነው ድረስ ይሄዳል፣ 55 ነው። አራት ሰው አሥር አሥር ይይዛል፣ 15ቱ ተገልብጠው ይተኛሉ፣ ማንም አይነካቸውም። ወደ ሳንቲያጎ ስትወርጂ ግን እንደኛው 28 ነው። የሌለው ሰው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያልፋል እንጂ ከክምር ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ሲጥሉ ደግሞ እንደ ሚስማር ነው የሚመቱት፣ ቡናው ከስኒው እስኪዘል። ጓደኛ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሁለት ለሁለት። ጓደኛህ ምን እንደያዘ ካሳለፈው ቁጥር ታውቃለህ፣ አፍህን ከፍተህ ከተናገርክ ግን ጉድህ ፈላ። የዛሬ ልጆች ይሄን ሁሉ ትታችሁ…

ሶሊ የኮተቤዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን 12 ፐርሰንት ገባ።

የድሬ ልጅ
ሶሊ፣ ስንት ስንት ነው የያዛችሁት? ክምር ነበረ ወይ? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንፍረድ?

ሶሊ የኮተቤዋ
አምስት አምስት ይዘን፣ የሌለው ከክምሩ ያነሳል። ክምሩ አልቋል። ግልጽ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት።

አቢቲ
በነጥብ ነው የሚቆጠረው፣ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል።

ማሙሽ 22
@አቢቲ እኔ ምን አልኩ?

ጠመኔ
ቆይ ቆይ። ማን አሸነፈ ከማለታችሁ በፊት ድንጋዮቹን ቁጠሩ። እንደሚመስለኝ አንድ ጎድሏችኋል፣ የጎደለውም ባለ 3 እና 5 ነው።

ከየት አመጣኸው ካላችሁ፦ ደብሉን ለጊዜው ተዉትና፣ 3 ስድስት ድንጋይ ላይ አለ፣ ከባዶ፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ5 እና ከ6 ጋር። ድርድሩ መሃል 3 ሁልጊዜ ከ3 ጋር ተጣምሮ ነው የሚቀመጠው፣ ብቻውን የሚቀረው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ብቻ 3 ከሆነ የወጡት 3ቶች ጎዶሎ ናቸው ማለት ነው፣ አንድ ወይ ሦስት ወይ አምስት። ስድስቱ ሙሉ አልወጡም። ቢያንስ አንድ የሆነ ቦታ ቀርቷል። 5ም ልክ እንደዚሁ። እጃችሁ ላይ የለም፣ ክምሩ አልቋል። የጠፋው አንድ ድንጋይ ብቻ ከሆነ የቀረው 3 እና የቀረው 5 እሱ ላይ ናቸው። ሙሉ 28 ተይዞ፣ ክምር አልቆ፣ ጫፎቹ የተለያዩ ሆነው ጨዋታ አይዘጋም።

የድሬ ልጅ
እኛ ሰፈር የመጨረሻዎቹ ሁለት ድንጋዮች አይነሱም፣ እዚያው ተገልብጠው ይቀራሉ። እንደዚያ ከሆነ እኮ ይዘጋል።

ጠመኔ
ልክ ነህ፣ እንደዚያ ከሆነ ይዘጋል። ሶሊ ግን ክምሩ አልቋል ነው ያለችው።

ሶሊ የኮተቤዋ
አንድም አልቀረም። ቆጠርን። ጠረጴዛው ላይ 17፣ እጃችን ላይ 10። 27!!! 3 እና 5 የለም!! ደብቋል አላልኳችሁም?

ፍቅርተ
ዶሮ ወጡ ውስጥ ፈልጉት፣ ከእንቁላሉ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል 😂

ጠመኔ
እኔ ድንጋዩ ጠፋ እንጂ ሰውዬው ሌባ ነው አላልኩም። እንደውም እስቲ አስቢው። ያ ድንጋይ በሁለቱም ጫፍ ይገባል። እጁ ላይ ቢኖርማ ጥሎት ያው ሁለት ድንጋይ ይቀረው ነበር፣ ምን አስደበቀው? ዱሮም ሳይኖር ነው ስትጫወቱ የከረማችሁት። ሶፋው ሥር እዩ፣ ልጆችም ካሉ ጠይቁ።

ማሙሽ 22
እና ማን አሸነፈ?

ጠመኔ
ዙሩ ፉርሽ ነው። ባልተሟላ ድንጋይ የተገኘ ውጤት አይያዝም።

ማሙሽ 22
ለምን ፉርሽ ይሆናል? አራቱም በዚያው በጎደለው ነው የተጫወቱት። ለአንዱ ጎድሎ ለሌላው ሞልቷል እንዴ? 7 ከ9 ያንሳል፣ ሶሊ አሸነፈች። የሦስቱ 9፣ 18፣ 18 ተደምሮ 45 ነው፣ ከዚያ ላይ የራሷን 7 ትቀንስና 38 ይጻፍላት። ሳይቀንሱ 45ቱንም የሚጽፉ አሉ፣ እሱ የቤታችሁ ሕግ ነው።

ኩባ ያደግኩ
ከመጀመራቸው በፊት መቁጠር ነበረባቸው። እኛ ኩባ…

የድሬ ልጅ
ጋሼ እባክዎ ይቆዩን፣ ልጅቷ ባትሪ የላትም። ሶሊ ከአሁን በኋላ እንዴት እንደምትጫወቱ ልንገርሽ። ከካርቶን ቆርጠሽ እንዳትሠሪ፣ ከጀርባው ስለሚታወቅ ማን እንደያዘው ሁሉም ያያል። ይልቅ 3 ያለባቸውን በሙሉ አውጪያቸው፣ ስድስት ናቸው። 21 ይቀርሻል፣ የጎደለውም አብሮ ወጣ ማለት ነው። ለሦስት ሰው ሰባት ሰባት እኩል ይደርሳል። ለአራት ከሆናችሁ አራት አራት ያዙና አምስቱ ክምር ይሁን።

ጠመኔ
ጥሩ መላ ነው። ግን በ21 ስትጫወቱ እያንዳንዱ ቁጥር ከደብሉ ውጪ አምስት ድንጋይ ላይ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ጫፎቹ ተለያይተውም ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ደግሞ ሌባ ፍለጋ እንዳትነሱ።

አቢቲ
ወይ 5ቱን ማውጣትም ይቻላል አይደል? ያው ነው።

የድሬ ልጅ
ይቻላል፣ ግን 5ቱን አትንኩ። በአምስት የሚቆጠረውን ጨዋታ መሞከር ከፈለጋችሁ ያስፈልጓችኋል። እሱ ላይ በየተራው የጫፎቹን ነጥብ ትደምራላችሁ፣ 5 ወይ 10 ወይ 15 ወይ 20 ከመጣ ያን ያህል ይጻፍላችኋል። ጫፍ ላይ ያለ ደብል ሁለቱም ጎኑ ይቆጠራል። በደብል 5 የጀመረ ገና ቁጭ ሳይል 10 አገኘ። አንዴ የለመደው ሰው ተራውን ጨዋታ አይመለስበትም።

ፍቅርተ
ሁሉም ተኮራርፈው ከሄዱ ደግሞ ብቻሽን መጫወት ትችያለሽ። ገልብጠሽ እንደ ፒራሚድ ትደረድሪያለሽ፣ ላይ አንድ፣ ከሥሩ ሁለት፣ እያለ እስከ ሰባት። 28 ድንጋይ ልክ ሰባት ረድፍ ይሞላል። የታችኛውን ረድፍ ብቻ ትገልጫለሽ፣ ሁለት ድንጋይ ነጥባቸው ተደምሮ 12 ሲሆን ታነሺያቸዋለሽ፣ ከላያቸው ያለው ሲለቀቅ ይገለጣል። እኔ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ እሱን ነው። በ27 ግን አይሆንም፣ ሁልጊዜ አንዱ ጓደኛ አጥቶ ይቀራል።

ጠመኔ
ያምራል። የሁሉም ነጥብ ሲደመር 168 ነው፣ 14 ጊዜ 12።

ማሙሽ 22
ሶሊ፣ ድስቱን ማን አጠበው?

ማሙሽ 22
ሶሊ?

አቢቲ
ባትሪዋ አልቋል። ወይ እያጠበች ነው።

የላም በረቷ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ቤት ደግሞ 26 ነው ያለው። ሁለት ሲጎድል በምን ይታወቃል?

ጠመኔ
መጀመሪያ ደብሎቹን ለይተሽ አውጪ፣ ከደብል ባዶ እስከ ደብል 6 ሰባት ናቸው፣ የጎደለ ካለ ወዲያው ይታይሻል። ከዚያ የቀሩትን በየቁጥሩ ቁጠሪ። እያንዳንዱ ቁጥር ስድስት ስድስት ጊዜ መምጣት አለበት፣ ባዶውም ጭምር። ያነሱትን ቁጥሮች ጻፊልኝ።