ማህበራዊ ኃላፊነትን ከአዲስ ምርት ሥራ ጋር እንዴት ነው ምታገናኙት? የምር ጥያቄ ነው

ሰማያዊ ብዕር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ምርት ልማት ክፍል ነው ምሰራው፣ አምስት ነን። እስከዛሬ ሲኤስአር ሚባለው ነገር (የድርጅት ማህበራዊ ኃላፊነት ማለት ነው) የህዝብ ግንኙነት ጉዳይ ነበር፣ በዓመት አንዴ ችግኝ ይተከላል ደብተር ይታደላል ፎቶ ይነሳል በቃ አለቀ። አሁን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና እቅዳችን ላይ "ማህበራዊ ኃላፊነትን ከፈጠራ ጋር ማዋሃድ" ሚል አንድ መስመር ጨመረ፣ እንዴት አድርገን ስንለው ባለሙያዎቹ እናንተ አይደላችሁ እንዴ አለን። አንዱ ባልደረባችን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ እየቆረጥን ለእርዳታ እንስጥ አለ፣ ለኔ ግን እሱ ያው የድሮው ምጽዋት ነው ኪስ ቀይሮ የመጣ። የቢዝነስ ጸሐፊዎቹ ፖርተርና ክሬመር በፈረንጆቹ 2011 ያመጡትን የጋራ እሴት ሚባለውን ሀሳብ (ድርጅቱ የማህበረሰቡን ችግር እየፈታ ራሱም ያተርፋል ሚለውን) አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛልም፣ ግን ነገ ቢሮ ስገባ እጄን ምኑ ላይ ላሳርፍ? በተግባር የሰራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ እስቲ።

ቆርቋሪ፦
ወንድሜ ጊዜህን አታባክን፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ኢኮኖሚስቱ ፍሪድማን በፈረንጆቹ 1970 የኩባንያ ማህበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ገላግሎን ነበር (ሳያታልልና ከጨዋታው ህግ ሳይወጣ ማለቱን ሰው ሁሌ ይዘለዋል እንጂ)። ባልስማማበትም ቢያንስ ሰውየው አያስመስልም። ቮልስዋገንን እዩት፣ ሴፕቴምበር 2015 ላይ ድርጅቶችን በአካባቢና በማህበራዊ ሥራቸው ሚመዝነው የዳው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከመኪና አምራቾች አንደኛ አድርጎት ነበር፣ እዛው ወር ላይ ጉዱ ወጣ። መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሶፍትዌር ገጥመውለት ሲመረመር ጭሱን ይቀንሳል መንገድ ሲወጣ እንደፈለገ ይለቃል፣ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ላይ። ያም እኮ ፈጠራ ነው! ሪፖርቱ ያማረ ነበር፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አልጠየቀም።

የማታ ፈረቃ፦
ቆርቋሪ የተናገርከው ልክ ነው፣ ግን ያመጣኸው ምሳሌ የሚያሳየው ነገሩ ሪፖርት ላይ እንጂ ዲዛይኑ ላይ አለመግባቱን ነው፣ ጠያቂው ደግሞ ሚፈልገው እሱን ማስገባት ነው። እኔ የደረሰብኝን ላውጋችሁ። ድሮ የጽዳት ዱቄት ሚያመርት ቦታ ሰርቻለሁ ስሙ ይቅር። ማሸጊያው ጋ ብናኙ አይጣል ነው፣ ፈረቃ ሲያልቅ ሽፋሽፍታችን ነጭ ሆኖ ነው ምንወጣው፣ ሳሉ ደግሞ ቤት ድረስ ይከተልሃል። ድርጅቱ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ በማህበራዊ ኃላፊነት በጀት ማስክ ገዝቶ በባነር በፎቶ አከፋፈለን፣ አጨበጨብን። ሁለት ወር ሳይሞላ ማስኩ አልቆ ወደ ድሯችን። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ማሽኑን ምታስተካክለው ልጅ እጇን አውጥታ "ማስኩን ተዉትና ብናኙን አጥፉት" አለች፣ ሰው ሳቀ። ከምርት ክፍል የመጣው ልጅ ግን አልሳቀም፣ ደብተሩ ላይ ጻፋት። ከዛ ስንት ወር ሙከራ በኋላ ዱቄቱን አርጥበው እንደ ጥራጥሬ አድርገው አደረቁት፣ መጀመሪያ የወጣው እንደ ድንጋይ ሆኖ ውሃ ውስጥ አልሟሟ ብሎ ብዙ ተጣለ፣ በኋላ ተስተካከለ። ብናኙ ጠፋ ማለት አልችልም፣ ግን ቀና ብለህ ሰው ምታይበት ደረጃ ደረሰ። ደንበኞችም ስንከፍተው ፊታችን ላይ አይቦንም ብለው ወደዱት፣ እሱን ማንም አላሰበውም ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ ምርታችሁ የሚያሳስለው ሰው ካለ ከዛ ጀምር።

ሰማያዊ ብዕር፦
እህታችሁ ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም፣ ችግር የለም። የማታ ፈረቃ ይሄ ነው የፈለኩት! አንድ ጥያቄ፣ ፋይናንሱን እንዴት አሳመናችሁት? የኛዎቹ ትርፉ የታለ ነው ሚሉት ገና አፌን ስከፍት።

ስሌት አዋቂ፦
እህቴ ትርፉ የታለ መባሉ አይክፋሽ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስሪኤም ሚባለው የአሜሪካ አምራች ድርጅት በፈረንጆቹ 1975 ብክለትን ከምንጩ ለመቀነስ የጀመረው ፕሮግራም ሰራተኛው ሀሳብ ሲያመጣ በአራት ነገር ነበር ሚመዝነው፣ ብክለት ይቀንሳል ወይ፣ ጉልበት ወይም ጥሬ ዕቃ ይቆጥባል ወይ፣ ቴክኒካዊ አዲስነት አለው ወይ፣ ገንዘብ ያድናል ወይ። አራተኛዋ ባትኖር ፕሮግራሙ የመጀመሪያው መጥፎ ዓመት ላይ ይዘጋ ነበር ብዬ ነው ማምነው። ግን ደግሞ ሁሉም ነገር አያተርፍም፣ የሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል 10 ሊትር ቆሻሻ ውሃ ምታጣራ ትንሽ የዱቄት ፓኬት ሰርቶ ነበር፣ ምርጥ ሥራ ነው፣ ለገበያ ሲያቀርበው ግን አልሸጥ አለው፣ በ2004 ወደ በጎ አድራጎት ፕሮግራም ቀየረው። ምርቱ ልክ ሆኖ ቢዝነሱ እምቢ ሲል እንዲህ ማለት ነውር የለውም፣ ነውሩ ሁለቱን ቀላቅሎ ማውራት ነው። ሌላ ሚያስቀኝ ነገር ህንድ በ2013 ባወጣችው የኩባንያ ህግ ትልልቅ ድርጅቶች ካለፉት 3 ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶ ለሲኤስአር እንዲያወጡ ታስገድዳለች፣ መመሪያው ላይ ግን የድርጅቱ መደበኛ ሥራ የሆነ ነገር አይቆጠርም ይላል። ማጭበርበር እንዳይኖር ነው ይገባኛል፣ ግን የማታ ፈረቃ ያወራት የብናኝ ነገር በዛ አቆጣጠር ዜሮ ልትሆን ነው፣ ማስኩ ደግሞ ለሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለህዝቡ ቢታደል ኖሮ ይቆጠር ነበር። ከበጀቱ ስም ከተነሳሽ እንዲህ ትጠፊያለሽ።

ቆርቋሪ፦
እሺ ይሁን፣ ብናኟን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ፣ ማህበራዊ ጉዳቱን ለመቀነስ ስትሉ አንድ ምርት አቁሙ የሚያስብል ነገር ብታገኙ ሥራ አስኪያጁ ያቆማል? አያቆምም ካልሽ ያው ጌጥ ነው።

ሰማያዊ ብዕር፦
እውነቱን ልንገርህ አላውቅም። እጠይቀዋለሁ። ለጊዜው ግን ያሰብኩት የአንድ ዓመት የደንበኛ ቅሬታና የጥገና መዝገብ አውርጄ፣ ማሸጊያ ክፍል ደግሞ ሁለት ቀን ተቀምጬ ማን በምን እንደሚማረር መጻፍ ነው። ከህዝብ ግንኙነት አንድ ሰው ይምጣ ብዬ ነበር፣ ካሜራ ይዞ እንደሚመጣ ስሰማ ተውኩት። የማታ ፈረቃ የፋይናንሱን ነገር አልነገርከኝም እኮ።

የማታ ፈረቃ፦
ይቅርታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንም ስላይድ የለውም። ከወለል የሚጠረገውን ዱቄት አንድ ሳምንት ሙሉ ሳንጥል በየፈረቃው በጆንያ አጠራቀምነው፣ መዘንነው፣ ከዛ ጆንያዎቹን ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ ደረደርናቸው። ሰውየው ምንድነው ይሄ አለ። ያልተሸጠ ምርት ነው አልነው።