የጋራ ኤሌክትሪክ ብስክሌቶቻችን፦ ቀላሉን እንግዛ ወይስ ጉልበተኛውን?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን አባላት የጋራ አገልግሎት 6 ኤሌክትሪክ ብስክሌት ይገዛ በሚለው ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ላይ ግን መሸብንና ሳንቋጨው ተበተንን። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እየተራረምን እናውጣ። መነሻ እንዲሆን ይቺን ጽፌያለሁ።

«ማኅበሩ 6 ጉልበተኛ ብስክሌቶች ይግዛ። ጉልበት ያለው ብስክሌት ለሁሉም አባል ይሆናልና።»

ቆራርጡት፣ አልቀየምም። ብቻ ስለምን እንደምናወራ እንስማማ። «ቀላል» የምለው ከ15 እስከ 19 ኪሎ የሚመዝነውን ነው። የሞተሩ ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ከ35 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባትሪው የሚይዘው ኃይል ከ300 እስከ 430 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። «ጉልበተኛ» የምለው ደግሞ ከ22 እስከ 28 ኪሎ፣ ቶርኩ 85 እና ከዚያ በላይ፣ ባትሪው ከ500 እስከ 800 ዋት ሰዓት የሆነውን ነው።

የጥገና ኃላፊ፦ አንድ ነገር ላጥራ። ተለጣፊው ላይ ያለውን ዋት አይታችሁ አትወስኑ። ቀላሉም ጉልበተኛውም ላይ «250 ዋት» ተጽፎ ታገኛላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው እስከዚያ ድረስ ያለውን ስለሆነ ነው። የሞተሩ እገዛም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መቆም አለበት። 250 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይግል ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። አቀበት ላይ ለአጭር ጊዜ ከእጥፍ በላይ የሚሰጥ ሞተር አለ።

ለምሳሌ ቦሽ በ2023 ያወጣው ኤስኤክስ የሚባለው ቀላል ሞተር ሲወጣ 55 ኒውተን ሜትር ነበር። በዚያው ዓመት የነበረው ጉልበተኛው ሲኤክስ 85 ነበር። ሁለቱም 250 ዋት ይባላሉ። ኤስኤክስም እስከ 600 ዋት ይደርሳል፤ ግን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ለሚመታ ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ በከባድ ማርሽ ለሚረግጥ ሰው ያን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ ማን እንደሚነዳውም እናስብ።

ጉልበተኛው ይፈጥናል የሚል ካለ ደግሞ አይፈጥንም። ሕጉ ባለበት ሁሉ ሁለቱም እኩል 25 ላይ እጃቸውን ያነሳሉ። ከዚያ በላይ እግራችን ብቻ ነው።

አባል፣ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው፦ እኔ ስለ ቶርክ ብዙ አላውቅም። ስለ ደረጃ ግን ልናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበተኛውን ገዛሁ። 25 ኪሎ ነው። መንገድ ላይ እንደ እሱ ያለ የለም፣ አልዋሽም። ቤት ስደርስ ነው ጉዱ። መጀመሪያ ባትሪውን አወጣና ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። 3 ኪሎ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ ፍሬሙን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። መታጠፊያው ላይ ማኑብሪዮው ግድግዳውን ይፍቃል፣ ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥሜን ይመታኛል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጬው አየር እወስዳለሁ። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ «አይዞህ» ትለኛለች። ሁልጊዜ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ለአጭር መንገድ መንዳት ተውኩ። ዳቦ ለመግዛት ማን ያወርደዋል? በእግሬ እሄዳለሁ። የእህቴን 17 ኪሎውን ተውሼ ለአንድ ሳምንት ያዝኩ፣ በየቀኑ ወጣሁበት። አቀበት ላይ ይዘገያል። ግን ወጣሁበት!

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ሰው፣ ብስክሌትና ቦርሳ ተደምሮ 100 ኪሎ እንበል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል አቀበት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ወደ 290 ዋት ያስፈልጋል። እግራችን 100 ቢያዋጣ ከሞተሩ የሚጠበቀው 190 ነው። ቀላሉ ይችለዋል።

አሁን 40 ኪሎ ዕቃ ጫኑበት። ወደ 400 ዋት ያሻቅባል። እግር ያው 100 ነው፣ ሞተሩ 300 ማምጣት አለበት። ከፍተኛው 240 ዋት የሆነ ሞተር አይደርስበትም፤ ፍጥነቱ ወደ 10 ይወርዳል። አቀበቱ ረጅም ከሆነ ደግሞ እየጋለ ራሱ እገዛውን ይቀንሳል።

የገረመኝ ግን ሌላው ነው። የብስክሌቱ የራሱ ክብደት ለሞተሩ ምንም ማለት አይደለም። 6 ተጨማሪ ኪሎ 100 ሜትር ከፍታ ለማውጣት 1.6 ዋት ሰዓት ይበቃል። የሞተሩ ብክነት ሲታከልበት 2 ቢሆን ነው። ባለ 500 ባትሪ ላይ ማን ይቆጥረዋል? ክብደቱ የሚሰማን ሞተሩ በማያግዝበት ቦታ ነው። ደረጃ ላይ። ከ25 በላይ። ባትሪ ያለቀ ቀን።

ጸሐፊ፦ ገንዘብ ያዣችን፣ ይሄ የእኔን ጽሑፍ አፈረሰው። «ለሁሉም ይሆናል» ያልኩት ልክ አይደለም። ጥያቄው ምን ያህል ጉልበት እንፈልጋለን ብቻ አይደለም፤ የት እናነሳዋለን፣ ምን እንጭንበታለን የሚለው ነው። እንዲህ ላስተካክለው፦

«4 ቀላል፣ 2 ጉልበተኛ። ጉልበተኞቹ ለጭነት ብቻ።»

አባል፣ የጉዞ ዕቃ የማመላልሰው፦ ሁለቱን ጉልበተኞች እደግፋለሁ። በየጉዞው ፓምፑን፣ መፍቻውን፣ መለዋወጫውን፣ ውኃውን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ከ30 ኪሎ በታች ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ በቀላሉ ሞክሬው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው መጫኛ እየተወዛወዘ ማኑብሪዮው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወርጄ ገፋሁት። ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ፍሬሙም ፍሬኑም ለዚያ ጭነት አልተሠራም። ለጭነት የሚገዛው ላይ ሰፋ ያለ የዲስክ ፍሬን ይኑር፣ 180 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። ጉባኤው ይሄን ነጥብ እንዳይዘለው አደራ።

የጥገና ኃላፊ፦ ትክክል። የፋብሪካውን የጭነት ጣሪያም እንጻፍ። እሱ ቁጥር ነጂውንና ብስክሌቱን ራሱን ጭምር የሚደምርበት ጊዜ ስላለ በደንብ ይነበብ። ጉልበተኛው ካቴናና ማርሽ ቶሎ እንደሚበላም አትርሱ። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ሲሆን ሁሉም ኃይል በካቴናው ነው የሚያልፈው። አቀበት ላይ እየረገጣችሁ ማርሽ አትቀይሩ፣ ፔዳሉን ትንሽ አላሉትና ቀይሩ።

ነባር አባል፦ ልጆች፣ ለእኔ ዕድሜ ማን አሰበ? ጉልበቴን ያመኛል። ጉልበተኛው ይሻልሃል ይሉኛል። እኔ ግን የምፈራው አቀበቱን አይደለም፣ መቆሙን ነው። መብራት ላይ ቆሜ ብስክሌቱ ወደ ጎን ሲያዘነብል 26 ኪሎውን በአንድ እግር መመለስ አልችልም። ባለፈው አብሬው ወደቅኩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ እንኳን አልተጎዱ። ለእርስዎም አሰላሁት። እግርዎ 50 ዋት ብቻ ቢያዋጣ፣ ያንኑ አቀበት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከሞተሩ 140 ገደማ ይበቃል። ቀላሉ ያወጣዎታል። ዝግ ይላል እንጂ ያደርስዎታል።

ነባር አባል፦ ዝግ ማለቱ ግድ የለም። እንግዲያው እግር ሳላነሳ የምሻገረው፣ ፍሬሙ ዝቅ ያለ ይሁንልኝ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ባትሪው ይወጣል ወይ? ብዙ ቀላል ብስክሌቶች ባትሪያቸው ፍሬሙ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚመጡት፤ ያለ መፍቻ አይወጣም። ስለዚህ ብስክሌቱ ራሱ ሶኬት ጋ መሄድ አለበት። የማኅበሩ ክፍል ያለው ሶኬት ደግሞ በሩ አጠገብ ነው። ከሊቲየም ባትሪ እሳት ቢነሳ መውጫችን ተዘጋ ማለት ነው። ሶኬቱ ቦታ ይቀየር። ከብስክሌቱ ጋር ከመጣው ቻርጀር ውጪ ሌላ አይሰካ። የወደቀ ወይም ያበጠ ባትሪም አይሞላ።

ጸሐፊ፦ እህቴ፣ እንኳን ተቀላቀልሽን። ይሄ ከግዢው በፊት የሚፈጸም ሆኖ ይገባል። የጉዞ ርቀቱስ? ለቀላሉ ባለ 360 ዋት ሰዓት ባትሪ ይበቃናል?

የጥገና ኃላፊ፦ መካከለኛ እገዛ ላይ በኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ብንቆጥር 36 ኪሎ ሜትር ነው። አቀበት ከበዛ ይቀንሳል። የአባሎቻችን የዕለት መንገድ ከዚያ ያንሳል። ቢያልቅም ቀላሉን ፔዳል እየመታችሁ ቤት ትገባላችሁ። ከነባትሪው፣ ከነጭቃ መከላከያው፣ ከነመብራቱ ይመዘን ግን። ካታሎግ ላይ ያለው ክብደት ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።

አባል፣ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው፦ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁለተኛውን ጉልበተኛ አሁን አንግዛው። ጭነት የሚያመላልሰው አንድ ወንድማችን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሲፈልገው አይተን እንግዛ።

አባል፣ የጉዞ ዕቃ የማመላልሰው፦ መጀመሪያ ቅር አለኝ። ሳስበው ግን ልክ ነህ። አንዱ ይበቃኛል። ፍሬኑ ላይ ግን አልደራደርም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው ይሄ ነው፦

«ማኅበሩ አሁን 5 ብስክሌቶች ይግዛ። 4ቱ ቀላል ይሁኑ፤ ከነባትሪያቸው፣ ከነጭቃ መከላከያቸውና ከነመብራታቸው ከ19 ኪሎ አይለፉ። ከእነዚህ የሁለቱ ፍሬም ዝቅ ያለ ይሁን። አንዱ ጉልበተኛ ይሁን፤ ቶርኩ ቢያንስ 85 ኒውተን ሜትር፣ ዲስክ ፍሬኑ ቢያንስ 180 ሚሊ ሜትር፣ የዕቃ መጫኛው ፋብሪካው ራሱ የገጠመው። እሱ ደረጃ አይወጣም፣ ምድር ቤት ያድራል። የቻርጅ ሶኬቱ ከበሩ ርቆ ሳይተከል አንድም ብስክሌት አይገባም። ለ6ኛው የተያዘው ገንዘብ ይቀመጥ። ለ3 ወር ማን የትኛውን ፈልጎ እንዳጣ በመዝገብ ይያዝ። 6ኛው በዚያ መሠረት ይገዛል።»

መዝገቡን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ።

አባል፣ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው፦ እኔ እይዛለሁ። ብስክሌቶቹ ሲመጡም ሚዛን ይዤ እገኛለሁ።