ያልተገደበ 10 ሜጋ ፋይበር፣ በ26 ቀን 1.9 ቴራ፦ ማን ነው የሚበላው?

ግቢ_አራት (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልን ወገኖች። አዲስ አበባ ነን፤ ያልተገደበ የቤት ፋይበር፣ 10 ሜጋ። እኛና ሦስት ተከራዮች በአንድ መስመር ነው የምንጠቀመው። ሁለቱ ተከራዮች የራሳቸውን ራውተር ከዋናው ራውተር ላይ በኬብል ሰክተዋል፣ አንዱ በእኛ ዋይፋይ ይገባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቪዲዮው ይሽከረከራል፣ የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በኬብል ሲለካ ዳውንሎድ 9.6፣ አፕሎድ 4.8 ይሰጣል፤ ሌሊት ካሜራው ተነቅሎ ነው የተለካው።

የዋናው ራውተር ቆጣሪ በ26 ቀን 1,900 ጊጋ ይላል። ሞደሙም ራውተሩም ባትሪ ላይ ስላሉ መብራት ሲጠፋ ቆጣሪው ወደ ዜሮ አልተመለሰም። ስንደውል «አጠቃቀማችሁ ከፍተኛ ነው» ተባልን። ያልተገደበ ከተባለ በኋላ ብዙ ስለተጠቀምን ፍጥነት ይቀንሱብናል? ደግሞስ ይህን ሁሉ የሚበላው ምንድን ነው? ያለን 4 ቴሌቪዥን፣ 11 ያህል ስልክ፣ 2 ላፕቶፕ፣ አንድ የቲቪ ቦክስ፣ 2 የግቢ ካሜራ ከነመቅረጫው ነው።

ስሌት_በሜጋ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 10 ሜጋ የሚባለው በቢት ነው፣ ጊጋው ደግሞ በባይት፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። 1 ሜጋ መስመር ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ቢሠራ በ24 ሰዓት 10.8 ጊጋ ያሳልፋል። ይቺን ቁጥር በቃልህ ያዛት፣ ሌላው ሁሉ ከሷ ይወጣል። የአንተ ዳውንሎድ በቀን ቢበዛ 108 ጊጋ፣ በወር 3,240 ጊጋ ነው። ከዚያ በላይ ብትፈልግም አይገባም።

አሁን ሰው የሚያየውን እንቁጠር። ከምሽቱ 1 እስከ 6 ሰዓት መስመሩ እስከ አፉ ቢሞላ እንኳ 22.5 ጊጋ ነው። በ26 ቀን 585 ጊጋ። ቀን ቀን የሚታየውን ጨምረህ 750 በለው። ከሺህ በላይ የሚሆነው ጊጋ ታዲያ ሰው ከሚያየው ውጭ ነው የሄደው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ተከራዮቹን ከመጠርጠርህ በፊት ቆጣሪውን ለሁለት ክፈለው፦ የተቀበለው ስንት ነው፣ የላከው ስንት ነው?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ራውተሩ ላይ ሁለት ረድፍ ታያለህ፣ «ላን» (የቤታችሁ የውስጥ መስመር) እና «ዋን» (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው)። በላን ረድፍ «የተላከ» የሚለው ራውተሩ ወደ ቤታችሁ የላከው ነው፣ ማለትም የእናንተ ዳውንሎድ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተገልብጦበት የሌለ ችግር ሲፈልግ ይከርማል። ዋን የሚለውን ረድፍ ብቻ አንብብ።

ግቢ_አራት

ዋን ላይ፦ የተቀበለ 720 ጊጋ፣ የተላከ 1,180 ጊጋ።

ሽቦና_ካሜራ

ካሜራው ነው። 1,180 ለ26 ሲካፈል በቀን 45.4 ጊጋ ነው፤ በ10.8 አካፍለው፣ 4.2 ሜጋ ይሆናል፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ። ሁለት ካሜራ እያንዳንዳቸው 2 ሜጋ ሲልኩ 43.2 ጊጋ በቀን። የቀረችው 2 ጊጋ የስልክ ፎቶና የጥሪ ናት።

ማታ የሚታነቀውም ለዚሁ ነው። አፕሎዳችሁ 4.8 ነው፣ ካሜራው ከነዚያ ትንንሾች ጋር 4.2ቱን ይዞታል፣ ለግቢው በሙሉ የተረፈው 0.6 ሜጋ ነው። ዳውንሎድ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ስልኩ «ደርሶኛል» እያለ በየጊዜው ትንንሽ መልስ ወደ ላይ መላክ አለበት፣ ለ10 ሜጋ ዳውንሎድ 0.2 ወይም 0.3 ሜጋ ያህል። አንድ የቪዲዮ ጥሪ ሲጨመርበት አፕሎዱ ሞላ። ያኔ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ከካሜራው ምስል ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ላኪው ወገን ደግሞ መልሱን ሳያገኝ አይቀጥልም። ስለዚህ 10 ሜጋው ቁጭ ብሎ እያለ 2 ሜጋ ይመስላል።

ለማረጋገጥ ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ ሲብስበት ማለት ነው፣ ከላፕቶፑ ወደ 8.8.8.8 (የጎግል አድራሻ ነው) ፒንግ፣ ማለትም መልስ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመለስ የሚለካውን ሙከራ፣ አድርግና ሳታቋርጠው የመቅረጫውን የኔትወርክ ኬብል ንቀል። ቁጥሩ በሰከንዶች ውስጥ ከብዙ መቶ ወደ መቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ዋናው ጥያቄ ለምን ይልካል የሚለው ነው። መቅረጫ ምስሉን የሚያስቀምጠው እዚያው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ የሚያይ ሰው ከሌለ ወደ ውጭ አይልክም። ሳያቋርጥ የሚልከው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ክላውድ ቀረጻ (ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ማከማቻ መላክ) በርቷል፣ ወይ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ የቀጥታ ምስሉን ከፍቶ ትቶታል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ታብሌት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ግቢውን ቀን ከሌሊት ሲያይ የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው።

መፍትሔው በመቅረጫው ሜኑ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ምስል አለው፣ ሜይን ስትሪም (ዋናው፣ ጥራቱ ከፍ ያለው) እና ሰብ ስትሪም (ቀለል ያለው)። ሜይኑን ለሃርድ ዲስኩ ተወው። ሰቡን 512 ኪሎ ቢት፣ በሰከንድ 10 ወይም 12 ፍሬም አድርገውና ስልኮቹ ሁሉ እሱን እንዲያዩ አድርግ፤ አፑ ላይ «ኤችዲ» የምትለው ቁልፍ ከተነካች ወደ ሜይን ትመለሳለች። ሁለቱ ካሜራ 1 ሜጋ ብቻ ይሆናሉ፣ በቀን 10.8 ጊጋ። ሜይኑንም ከኤች.264 ወደ ኤች.265 (የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነቶች ናቸው) ከቀየርከው በተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ገደማ ይበቃዋል።

ክላውድ ከሆነ «እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ» የሚለውን ምረጥ። ግን አንቴናህን አቁም፦ የተሰጣ ልብስ፣ የሚወዛወዝ ዛፍ፣ ማታ የካሜራውን ኢንፍራሬድ መብራት ተከትለው የሚመጡ ነፍሳት፣ መስታወቱ ላይ ያደራች ሸረሪት፣ ሁሉም «እንቅስቃሴ» ናቸው። የሚታየውን ክልል በሩና መተላለፊያው ላይ ብቻ አጥበው፣ መስታወቱንም በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።

ወረፋ_አስያዥ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ነገ ሌላ ተከራይ ስልኩን ፎቶ ባክአፕ ላይ ቢለቀው ችግሩ ይመለሳል። ዘላቂው መፍትሔ ራውተሩ ላይ ወረፋ ማስያዝ ነው፣ ማለትም አንዱ መስመሩን ሞልቶ ሌላውን እንዳያስጠብቅ ራውተሩ ተራ እንዲያስይዝ ማድረግ። ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ያስፈልጋል (ፍላሽ ቢያንስ 16 ሜጋባይት፣ ራም 128)፣ ወይም ቨርዥን 7 ሶፍትዌር የጫነ ማይክሮቲክ የሚባል ራውተር። «ኬክ» የሚባለውን የወረፋ ዓይነት አብራና ከለካኸው ፍጥነት 90 በመቶውን ስጠው፦ ዳውንሎድ 8,600፣ አፕሎድ 4,300 ኪሎ ቢት። 10 በመቶውን ለምን እንጥላለን የሚል አይጠፋም። ወረፋው በእናንተ ራውተር ውስጥ ካልተያዘ ፋይበር ሞደሙ ውስጥ ይያዛል፣ እዚያ ደግሞ የሚያስተናብረው የለም። መስመሩ ማታ ማታ በውጭ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ ስሌቱን ከማታው ልኬት ውሰድ፤ የሌሊት 10 ሰዓቱን ከወሰድክ ኬኩ ምንም አይሠራም።

ኬክ ላይ በአድራሻ እኩል የማካፈሉን ምርጫ አብራ፣ ናት የሚለውንም አብረህ (ከራውተሩ ጀርባ ያለውን የእያንዳንዱን ዕቃ አድራሻ እንዲለይ ነው)። ያኔ የራሱ ራውተር ያለው ተከራይ ስድስት ስልክ ቢኖረውም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። በዋይፋይ በቀጥታ የሚገባው ሦስተኛው ተከራይ ግን በስልኮቹ ብዛት ልክ ድርሻ ይወስዳል፤ ለእሱም ርካሽ ራውተር ግዙለት፣ ነገሩ ይስተካከላል። የፋይበር ሞደሙን የራሱን ዋይፋይ ማጥፋት እንዳትረሱ። በእሱ የሚገባ ሰው ወረፋውን በጓሮ በር ያልፈዋል።

ማን ስንት እንደበላ ለማየት ኦፕን ደብሊውአርቲ ላይ የፍጆታ መቁጠሪያ ይጫናል፤ ነገር ግን ሳይነካ ከተተወ መዝገቡን ራም ላይ ነው የሚይዘው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባዶ ነው። ማስቀመጫውን ወደ ፍላሽ ዲስክ ቀይረው።

ምሰሶ_ስር

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፣ ማንም አልነካውምና። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል መጠኑን ነው የሚመለከተው። ውሉ ላይ «ተገቢ አጠቃቀም» የሚል አንቀጽ ካለ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ የተወሰነ ጊጋ ካለፈ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ፍጥነት የሚቀንስ፣ ወይም መጨናነቅ ሲኖር ብቻ ብዙ የተጠቀመውን ወደ ኋላ የሚያደርግ። በልኬት ይለያያሉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ምሽት 2 ሰዓት፣ ሌሊት 10 ሰዓት፣ ሦስት ቀን በተከታታይ በኬብል ለካ፣ ካሜራውን ነቅለህ። በሦስቱም ሰዓት እኩል ዝቅ ካለ ገደብ ተጥሎብሃል። ምሽት ብቻ ከወረደ መጨናነቅ ነው። ሌሊት 9.6 ካገኘህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታያል።

የራውተሩን መዝገብ ስታነብ ሰዓቱን አጣራ። ብዙዎቹ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ 17፡00 የሚለው የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው።

«ሰፈሩ ስለበዛ ነው» የሚባለውንም በጥንቃቄ ተቀበል። በጂፖን (አንድን ፋይበር ለብዙ ቤት የሚያካፍለው ዘዴ) አንድ መስመር ወደ ታች 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ይዞ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 64ቱም ቤት 10 ሜጋ ቢሆኑና ሁሉም በአንዴ ቢከፍቱ 640 ሜጋ ነው፣ መስመሩ አይሞላም። መጨናነቅ ካለ ከዚያ ወደ ላይ፣ በአቅራቢው መረብ ውስጥ ነው።

የቲቪ ቦክሷንም አትርሳት። ካሜራው ተነቅሎ አፕሎዱ አሁንም ካልወረደ እሷን ንቀል። ስም የሌላቸው ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ጀምሮ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ይዘው የቤት ኢንተርኔትን ለሌላ ሰው መተላለፊያ እንደሚያደርጉ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2025 አስጠንቅቋል። ሶፍትዌሩ ዕቃው ላይ አብሮ ስለሚመጣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ አያጠፋውም።

ግቢ_አራት

ኬብሉን ስነቅለው ፒንጉ ከ640 ወደ 95 ወረደ። ክላውድ ጠፍቷል። የመቅረጫው ሎግ ከውጭ አንድ የገባ ተመልካች ያሳያል፣ ከገባ ሳምንታት ሆኖታል። የማን እንደሆነ ገምቻለሁ። እንዴት ነው የማስወጣው?

ሽቦና_ካሜራ

የመቅረጫውን ዋና የይለፍ ቃል ቀይርና እንደገና አስነሳው፣ በእሱ የገባ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ለዘመድህ ሰብ ስትሪም ብቻ የሚያይ የራሱ ተጠቃሚ ክፈትለት። ከመቀየርህ በፊት ግን ደውልለት፤ ታብሌቱ ድንገት ከጠቆረ ቤቱ ተዘረፈ ብሎ ነው የሚደነግጠው።